ከነጠባሳዋ የተሸጠች መኪና

ስለ አንዲት አሮጌ መኪና በተማሪ ቤት መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንዱ ሰው ቀላል ነገር መስሎ ይታየው ይሆናል። ጓደኞቼ ስለ አገር ፍቅር፣ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ጤና አጠባበቅ ሲጽፉ፣ እኔ ስለ ብረትና ስለ ዝገት ለመጻፍ መነሣቴን የሰሙ አንዳንድ ባልንጀሮቼም ስቀውብኛል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት በሰው አገር በአንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ ያየሁትና የሰማሁት ነገር ከብዙ ምክር ይልቅ በልቤ ስለ ቀረ፣ እናንተም ታውቁት ዘንድ ጽፌዋለሁ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ በጋራዥ ተቀጥሮ የፊያትንና የቮልስዋገንን ሞተር ፈትቶ መግጠም የተማረ ሰው ነው። ኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ኦክስፎርድ በምትባለው ከተማ ትዳር ይዞ ተቀመጠ፤ እንጀራውም አውቶቡስ መንዳት ነው። በሐምሌ ወር ትምህርት ሲዘጋ እርሱና ባለቤቱ ጠርተውኝ ክረምቱን ከእነርሱ ጋር አሳለፍሁ። ከቤታቸው ጓሮ ባለችው ጋራዥ ውስጥ ጀርባዋ ክብ ክብ ያለ፣ ባለ አራት በር፣ ግራጫ መኪና ቆማ አገኘሁ። ስሟ ሞሪስ ማይነር ይባላል፤ የተሠራችውም በ1963 ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ እንግሊዝ አገር በምናገርበት ጊዜ ሁሉ ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በመጀመሪያው ቀን በተሳፋሪ ወንበር የምቀመጥ መስሎኝ በቀኝ በኩል ብገባ ከመሪው ፊት ተገኘሁ። የአጎቴ ባለቤት፣ እትዬ እያልሁ የምጠራት፣ እጅግ ሳቀች። አጎቴ ግን፣ «አትሣቂባት፤ እኛም አገር እስከ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓመተ ምሕረት ድረስ መኪና የሚሄደው በመንገዱ ግራ ነበር» አለ። እኔም ይህን የአገሬን ታሪክ በሰው አገር መስማቴ ገረመኝ።

ነገር ግን መኪናዋን ወድጄ ሳልጠግብ ለሽያጭ የተዘጋጀች መሆንዋን ሰማሁ። ምክንያቱም ሁለት ነበር። አንደኛው፣ ሦስተኛ ልጅ ስለ ተወለደላቸው የሕፃኑ መቀመጫ ከሁለቱ ትልልቅ ልጆች ጎን አልገባ ስላለ ነው። ሁለተኛው፣ ደብረ ብርሃን ያለው የአያቴ ቤት ጣራው ስላረጀ፣ ልጆችዋ ሁሉ ተዋጥተው ቈርቈሮውንና ማገሩን ሊለውጡላት ተስማምተው፣ የአጎቴ ድርሻ ከዚህች መኪና ዋጋ እንዲወጣ ታስቦ ስለ ነበረ ነው። አናጢው ዝናሙ እንዳባራ ሥራውን ጀምሮ ከመስቀል በፊት ለመጨረስ ቃል ገብቷል፤ ገንዘቡ በነሐሴ መጨረሻ ካልደረሰው ግን ሌላ ሥራ እንደሚይዝ እናቴ በስልክ ነግራን ነበር። ያንን ቤት እኔ አውቀዋለሁ። በክረምት ሌሊት አያቴ ተነሥታ ጣራው ከሚያፈስበት ስፍራ ሁሉ ሳፋና ድስት ስትደረድር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

አሁን የመኪናይቱ ዘር እንዲታወቅ ጥቂት ታሪክ ልናገር። ዊልያም ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ በኦክስፎርድ ከተማ ቢስክሌት በመጠገን ሥራ ጀምሮ በ1913 የመጀመሪያውን አውቶሞቢል አወጣ። ፋብሪካውም በከተማው ዳር ካውሊ በሚባለው ሰፈር ተስፋፋ፤ ዛሬም በዚያው ሰፈር ሚኒ የምትባለው መኪና ትሠራለች። ማይነርን የነደፋት ግን አሌክ ኢሲጎኒስ የሚባል መሐንዲስ ነው። እርሱም በ1906 ዛሬ ኢዝሚር በምትባለው በሰምርኔስ ከተማ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ በጦርነት ምክንያት ተሰድዶ እንግሊዝ አገር የገባ ሰው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጥቂት ረዳቶቹ ጋር ሆኖ፣ ደመወዙ መካከለኛ የሆነ ቤተ ሰብ የሚገዛት፣ ነገር ግን መሪዋ ቀጥ ያለ፣ በመታጠፊያ ላይ የማትንገዳገድ ትንሽ አውቶሞቢል ለመሥራት ያስብ ጀመር። መኪናይቱም በ1948 በሎንዶን በተደረገው የአውቶሞቢል ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ታየች።

የዚያን ጊዜ ሞተሯ 918 ሲሲ ብቻ ሲሆን ጉልበቱም ከ28 ፈረስ አይበልጥም ነበር። ከዚያ በኋላ ሞተሩ በ1952፣ በ1956ና በ1962 ተለውጦ፣ በመጨረሻ 1098 ሲሲ ደረሰ። መምህሩ፣ በየመንደሩ እየዞረች ሕመምተኛ የምትጠይቀው ነርስና ፖሊሱ ሳይቀሩ ይነዷት ነበር። በ1960 መጨረሻ ቍጥርዋ አንድ ሚልዮን ሞላ፤ ለዚህ ቍጥር የበቃች የመጀመሪያይቱ የእንግሊዝ መኪና እርስዋ ናት። ለዚህም መታሰቢያ እንዲሆን 350 ያህል መኪኖች ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ ቀለም ተቀብተው ወጡ። ሥራዋ በ1971 እስኪያበቃ ድረስ በጠቅላላው ከ1.6 ሚልዮን በላይ ተሠርታለች።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ግን አጎቴ ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ነገር ነው። መኪናይቱ በፋብሪካ መሠራት ልትጀምር ጥቂት ጊዜ ሲቀራት ለኢሲጎኒስ ጠባብ ሆና ታየችው። ስለዚህ ለሙከራ የተሠራችውን መኪና ከፊት እስከ ኋላ ለሁለት አስቈርጦ፣ ሁለቱን ወገን ጥቂት በጥቂት ቢያራርቀው፣ አራት ኢንች፣ ማለት ዐሥር ሳንቲሜትር ያህል ሲራራቁ ለዓይኑ ደስ አለችው። ፓራውልቱ ግን አስቀድሞ በጠባቡ ልክ ተዘጋጅቶ ስለ ነበረ፣ ከመካከሉ ተቈርጦ ቍራጭ ተጨመረበት። በኮፈኑም መካከል ከፍ ብሎ የሚታየው ጠፍጣፋ መስመር የተጨመረው ስፋት ምልክት ነው፤ ይህም እስከ መጨረሻይቱ መኪና ድረስ ቀረ። አጎቴ በመስመሩ ላይ እጁን እያሳለፈ፣ «አየሽ፤ ይህች መኪና ሳትወለድ ነው የተጠገነችው። የሠራት ሰው ግን ስፌቱን አልደበቀም» ይለኝ ነበር።

አጎቴ መኪናዋን የገዛት ጥገና ጀምሮ ከደከመው ከአንድ ሰው ነው። በስተ ቀኝ ያለው የታች ብረት ሁሉ በዝገት ተበልቶ ነበር። የግራው ወገን ግን አንድ ጠጋኝ በአዲስ ላሜራ እንደ በየደው የሚመሰክር ደረሰኝ አብሮ ተሰጠው። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ፣ ከሥራ በተመለሰበት ማታና በዕረፍት ቀኑ፣ የቀኙን ወገን በየደ፤ ባሌስትራውን ለወጠ፤ ወንበሩን አሰፋ፤ የኤሌክትሪኩን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዲስ አደረገ። ባሌስትራ፣ ኮፈን፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን የሚሉትን የጋራዥ ቃሎች ከአዲስ አበባ ይዞ ስለ ሄደ፣ አጠገቡ የሚኖረው እንግሊዛዊ ሽማግሌም ለምዶት «ባሌስትራ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የእንግሊዝ አገር አሮጌ መኪና ወዳዶች በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን መኪና ከፋብሪካ እንደ ወጣች መቅረት አለባት፤ አንዲት ብሎን እንኳ ብትለወጥ ታሪክዋ ተበላሸ ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ መኪና የመንገድ እንጂ የሙዚየም አይደለችምና በዘመኑ ልክ ትሻሻል ይላል። አጎቴ ከሁለተኛው ወገን ነው፤ ምክንያቱንም እንዲህ ሲል አስረዳኝ። ማይነር በ1948 ስትወጣ በእንግሊዝ አገር አንድም ሞተርዌይ፣ ማለት ያለ ማቋረጫ በፍጥነት የሚኬድበት ሰፊ መንገድ፣ አልነበረም፤ የመጀመሪያው የተከፈተው በ1958 ነው። ያን ጊዜ የነበረው ፍሬን ለዚያ ጊዜ መንገድ በቂ ነበር። ዛሬ ግን ከፊት ያለው አዲስ መኪና በድንገት ሲቆም አሮጌይቱም እንደ እርሱ መቆም አለባት።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የለወጠው ፍሬኑን ነው። የማይነር ፍሬን በአራቱም ጎማ ከበሮ መሰል ብረት ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ እየተገፋ የሚይዝ ነው። ቍልቍለት ላይ ደጋግመው ሲረግጡት ከበሮው ግሎ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ፍሬኑ እየላላ ይሄዳል። አጎቴ በፊት ጎማዎቹ ይህን አውልቆ ነፋስ የሚያገኘውን ዲስክ ፍሬን ገጠመ። ቀጥሎም በፊትና በኋላ የወገብ ቀበቶ አሰረ፤ ምክንያቱም በአገሩ ሕግ ቀበቶ በሌላት አሮጌ መኪና ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን መሳፈር አይችልም። ዲናሞውንም መብራት በርቶ በዝግታ ሲሄዱ ባትሪ በሚሞላ በአዲስ ዓይነት ለወጠው። ሞተሩን ከዚህ ሁሉ በኋላ በመጨረሻ ነካው፤ ከዚያው ከሞተሩ ዘር የሆነ 1275 ሲሲ አገባ፤ ይህንንም በመኪናይቱ ደብተር አስመዘገበ። የቫልቮቹንም መቀመጫ በጠንካራ ብረት አሠራው፤ እርሳስ የተቀላቀለበት ቤንዚን ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ በአገሩ መሸጡ ስለ ቀረ፣ የድሮው መቀመጫ በዛሬው ቤንዚን ቶሎ ይበላልና ነው። «የሚያስኬዳትን ከመጨመር በፊት የሚያቆማትን ማደርጀት» የሚለው ቃል የሥራው ደንብ ነበር።

ያልነካውም ነገር ብዙ ነው። ትልቁን መሪ፣ በመኪናዋ ፊት መካከል ያለውን አንድ ክብ የፍጥነት መቍጠሪያ፣ የበሮቹን እጀታ እንደ ነበሩ ተዋቸው። መቍጠሪያው በመካከል ስለ ሆነ ከኋላ የሚቀመጡት ልጆችም ያዩታል፤ አባታቸው ጥቂት ሲፈጥን «አባዬ፣ ስልሳ አለፍህ!» እያሉ በአንድ ድምፅ ይጮኹበት ነበር።

በነሐሴ መግቢያ አንድ አሮጌ መኪና ነጋዴ መጣ። ቀለሙን አየ፤ ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ፤ ወንበሩን በእጁ ዳሰሰ፤ ከሥር ግን አልተመለከተም። 7,000 ፓውንድ ሊከፍልና በቅዳሜው ቀን ሊወስዳት ተስማማ። እትዬ ያን ዕለት ለእናቴ ስልክ ደውላ የምሥራች ነገረቻት፤ እናቴም ለአናጢው ነገረችው።

ረቡዕ ማታ አጎቴ መኪናዋን ለመሰናበት ያህል በክሪክ አንሥቶ ከሥር ያጥባት ነበር። በድንገት እጁን አቆመና፣ «ነይ እስቲ፤ ጆሮሽን ወደዚህ አድርጊ» አለኝ። በካቻቢቴ እጀታ የቀኙን ወገን ሲመታው ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ሰጠ። የግራውን፣ ባሌስትራው ከሚታሰርበት ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ሲመታው ግን እንደ እርጥብ ግንድ ድምፁ ታፈነ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ቢያስጠጋው አልያዘም፤ ወደቀ። ቀለሙን በሞረድ ፋቅ ሲያደርገው ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ስቱኮ ወጣ፤ ከስቱኮው በስተ ኋላ የነበረው ብረት እንደ ወንፊት ተበሳስቷል። ያ ጠጋኝ በደረሰኙ ላይ ላሜራ እንደ ቀየረ ጽፎ፣ የቀባው ግን ስቱኮ ነበር።

ይህ ነገር ለምን ከባድ እንደ ሆነ ላስረዳ። የጭነት መኪና ከሥሩ ሻንሲ የሚባል የብረት አልጋ አለው፤ ከላይ ያለው አካል ቢዝግ እንኳ ክብደቱን የሚሸከመው ሻንሲው ነው። ማይነር ግን እንዲህ ያለ ሻንሲ የላትም፤ ወለልዋ፣ በበሮችዋ ሥር የሚሄደው ሣጥን መሰል ብረትና ጣራዋ ተጋግዘው ራሳቸውን ይሸከማሉ። ስለዚህ በበሩ ሥር ያለው ብረት ጌጥ አይደለም፤ አጥንት ነው። አጥንቱ ሲበላ መኪናይቱ ቆማ ታምራለች፤ በግጭት ቀን ግን እንደ ካርቶን ትታጠፋለች። በዚያም ላይ ከግንቦት ወር 2018 ጀምሮ፣ አርባ ዓመት ያለፋትና መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገባት መኪና በየዓመቱ ከሚደረገው ምርመራ ነፃ እንድትሆን ሕጉ ስለሚፈቅድ፣ የሚቀጥለው ገዢ ራሱ ካላስመረመራት ያን ስፍራ ማንም ላያየው ይችላል።

አጎቴ ወዲያው ለነጋዴው ደወለና ያገኘውን ነገረው። ነጋዴውም ስቆ፣ ቀለሙን መልሶ እንዲቀባው፣ እርሱ ግድ እንደሌለው፣ 500 ፓውንድ ብቻ ቢቀነስለት ቅዳሜ መጥቶ እንደሚወስዳት፣ ነገር ግን ስለዚህ ጉዳይ በወረቀት ላይ ምንም እንዳይጻፍ ነገረው። አጎቴ ስልኩን ዘግቶ ዝም አለ።

በዚያች ሌሊት በቤቱ ውስጥ የተደረገውን ንግግር አልረሳውም። እትዬ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የተናገረችውም እውነት ነበረበት። «ነግረኸዋል እኮ። ዐውቆ ከገዛ ምን ዕዳ አለብህ? እማማ ጣራ እየጠበቁ ነው። እዚያ የሚዘንበው በእናትህ ላይ ነው» አለችው። አጎቴ ጥቂት ቆይቶ፣ «እኔ የነገርሁት ለእርሱ ነው። እርሱ ለሚሸጥለት ሰው ማን ይነግረዋል? ባለ አራት በር መኪና የሚገዛ ሰው ልጆች አሉት። የሚቀመጡትም ከኋላ፣ በዚያው ብረት ላይ ነው» ብሎ መለሰላት። እኔ በመካከላቸው ተቀምጬ በአንድ ወገን የአያቴን ድስትና ሳፋ፣ በሌላው ወገን የማላውቃቸውን ሕፃናት እያሰብሁ፣ የማንኛቸው ቃል እንደሚበልጥ መፍረድ አቃተኝ። በመጨረሻ እትዬ የሕፃኑን ጡጦ ልታጥብ ተነሣችና፣ ፊትዋን ሳታዞር፣ «እንግዲያስ ነገ ቶሎ ተነሥተህ ቍረጠው» አለችው።

እንዲህም ሆነ። ነጋዴው ቀረ። አጎቴ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ሁለት ሳምንት ሠራ፤ እኔም መብራት በመያዝ፣ በመፋቅና ብሎን በመለየት ረዳሁት። የበሩን ሥር ብረት ከመቍረጡ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ ውስጥ የብረት ዘንግ አግድም በየደ፤ ይህ ካልተደረገ መኪናይቱ ከመካከልዋ ትሰምጥና በሮችዋ ዳግመኛ አይገጥሙም። ከዚያም ጥሩው ብረት እስኪገኝ ድረስ ዝገቱን ሁሉ ቈረጠ። የማይነር መለዋወጫ ዛሬም እየተሠራ ይሸጣልና አዲሱን ብረት ገዝቶ በየደው፤ ውሃ እንዳይገባበትም በውስጡ ሰም ረጨበት። ከመቀባቱ በፊት የሥራውን እያንዳንዱን ደረጃ በፎቶግራፍ አነሣሁለት። አራት ዓመት የለፋበትን ቀለም በገዛ እጁ ሲፍቀው ማየት ደስ አይልም ነበር። በመጨረሻም በሕግ ባይገደድም መኪናዋን ወስዶ አስመረመራትና የማለፊያ ወረቀትዋን ይዞ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የሽያጩን ማስታወቂያ እርሱ እየተናገረ እኔ ጻፍሁት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቢሆንም ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይላል።

«የምትሸጥ መኪና። ሞሪስ ማይነር፣ የ1963 ሥራ፣ ባለ አራት በር፣ ግራጫ። እንደ ጥንቱ ያለው፦ መሪ፣ የፍጥነት መቍጠሪያ፣ ማርሽ፣ መስታወትና በሮች። የተለወጠው፦ የፊት ፍሬን፣ ሞተር፣ ዲናሞ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ፤ ቀበቶም በአራት መቀመጫ ታስሯል። የተጠገነው፦ በሁለቱም ወገን የበሩ ሥር ብረት። የግራው ከዚህ በፊት በሌላ ሰው በስቱኮ ተሸፍኖ ተገኝቶ፣ በዚህ ዓመት ተቈርጦ በአዲስ ብረት ተበይዷል፤ ፎቶግራፉ አለ። ጉድለትዋ፦ አንደኛ ማርሽ መኪናይቱ ሳትቆም በደኅና አይገባም፤ የጥንቱ አሠራር ነው። የግራው ቀለም በፀሐይ ሲታይ ከቀኙ ጥቂት ይለያል። ማሳሰቢያ፦ የፊት ጎማዎች መታጠፊያ አንጓ በየጊዜው ግራሶ ካልተሰጠው ተበልቶ ጎማው ከሥር ሊታጠፍ ይችላል፤ ግራሶውን የማይሰጥ ሰው ባይገዛት ይሻላል። ለማየት የሚመጣ ሰው ማግኔትና የእጅ ባትሪ ይዞ ይምጣ። ዋጋ 6,800 ፓውንድ።»

እትዬ አንብባው፣ «ይህ ማስታወቂያ ነው ወይስ ኑዛዜ?» ብላ ሳቀች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ሰው ብቻ ደውሎ «የተበየደ» የሚለውን እንደ ሰማ ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛው ሳምንትም እንዲሁ አለፈ። ነሐሴ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው እናቴ ደወለች፤ አናጢው ሌላ ሥራ መያዙን ነገረችን። አጎቴ ያን ምሽት እራት አልበላም።

በጳጕሜን ወር አንድ ወጣት መምህር ከባለቤቱና ከሁለት ሕፃናት ልጆቹ ጋር መጣ። እንደ ተጻፈውም ማግኔትና የእጅ ባትሪ ይዞ ነበር። ሸሚዙን ሳይሳሳለት ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ገባና ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየ። ከወጣም በኋላ ፎቶግራፎቹን አንድ በአንድ ተመለከተ። በዚያ ክረምት ስምንት ማይነር ማየቱን፣ በስምንቱም ማስታወቂያ ላይ «ዝገት የለባትም» የሚል ተጽፎ እንደ ነበረና በስምንቱም ዝገት ማግኘቱን ነገረን። «ዝገቱ የት እንደ ነበረ የጻፈ ሰው ግን እርስዎ ብቻ ነዎት» አለው። 6,400 ፓውንድ ከፈለ። ከመሄዱም በፊት አጎቴ ግራሶ የሚሰጥባቸውን ስፍራዎች ሁሉ ለእርሱና ለሚስቱ አሳያቸው፤ ሴትዮዋም በደብተር ጻፈች። መኪናይቱ ከጓሮው ስትወጣ የአጎቴ ልጆች አለቀሱ፤ እርሱ ግን ሞተሩን እስኪርቅ ድረስ አዳመጠና፣ «ካርቡራተሩ ደኅና ነው» ብቻ ብሎ ገባ።

ይህ እውነተኛነት ምንም ኪሣራ አላመጣም ብል አንባቢን እዋሻለሁ። ገንዘቡ ከመጀመሪያው ስምምነት 600 ፓውንድ ጐደለ፤ የብረቱና የቀለሙ ወጪ ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ሌላ አናጢ እስኪገኝ ድረስ የአያቴ ጣራ በጥቅምት አጋማሽ ተሠራ፤ መስቀልንም ያሳለፈችው በጎረቤት ቤት ነው። አያቴ የዘገየበትን ምክንያት ስትሰማ ምን እንደምትል ፈርቼ ነበር። እርስዋ ግን፣ «የእኔስ ጣራ ቢያፈስ ድስት አለኝ፤ እነዚያ ልጆች ምን ነበራቸው?» አለች።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ በዚህ ዓመት ብዙዎቻችን ከዚህ ተማሪ ቤት ወጥተን ወደ ልዩ ልዩ ሥራ እንሄዳለን። ከእኛ መካከል ቤት የሚሠራ፣ መድኃኒት የሚቀምም፣ ድልድይ የሚነድፍ፣ ሒሳብ የሚመረምር ይኖራል። የሁሉም ሥራ በቀለም የሚሸፈን ስፍራ አለው፤ በዚያ ስፍራ ምን እንዳደረግን የሚያውቅ ሰው ብዙ ጊዜ እኛው ብቻ ነን። አጎቴን ያታለለው ጠጋኝም ደረሰኙን ሲጽፍ ማንም አያየኝም ብሎ ነበር። ነገር ግን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ከዓመታት በኋላ በአንድ ማታ በካቻቢቴ እጀታ ተመታና ድምፁ ታወቀ።

እኛም የምስክር ወረቀታችንን ይዘን ስንወጣ፣ ወረቀቱ የሚናገረውና በውስጣችን ያለው አንድ እንዲሆን እንትጋ። አሮጌ ነገር መጠገንና በዘመኑ ልክ ማሻሻል የሚያሳፍር አይደለም፤ አገርም ቤትም የሚቆመው በዚህ ነው። ስንጠግን ግን ብረቱን በብረት እንጠግን፤ ስንሸጥም የጠገንበትን ስፍራ በጣታችን እናሳይ።